ውኃ በእስላማዊ የአትክልት ስፍራዎችና ሕንፃዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስፔን ግራናዳ የሚገኘውን የአልሐምብራን ቤተ መንግሥት ወይም በሕንድ አግራ ያለውን ታጅ ማሐልን በፎቶግራፍ ያየ ሰው ከግንቡ እኩል በአእምሮው የሚቀርበት ከፊቱ የተንጣለለው ውኃ ነው። ያ ውኃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣውና ለምን በዚያ መልክ እንደተቀመጠ ብዙ ሰዎች ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኛውን ምሳሌ ከአልሐምብራ ይወስዳሉ፤ በፋርስ፣ በሕንድ፣ በግብፅና በቱርክ ያሉ ሥራዎችም በየቦታቸው ይነሣሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በእስላማዊ የአትክልት ስፍራ ለውኃ ይህን ያህል ቦታ የተሰጠው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት መሬቱ ነው፣ ሁለተኛው እምነቱ። እስልምና የተነሣበት ሒጃዝ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌለው አገር ሲሆን፣ በኋላ የተስፋፋባቸው ሶርያ፣ ኢራቅ፣ ፋርስ፣ ሰሜን አፍሪካና ደቡብ ስፔንም በአብዛኛው በጋው ረጅምና ደረቅ የሆነባቸው፣ ያለ መስኖ አንድ የብርቱካን ዛፍ ማጽደቅ እንኳ የሚያስቸግርባቸው ናቸው። በእንዲህ ያለ ምድር አትክልት የሚጀምረው ከውኃ ነው፤ ዛፉና አበባው የሚመጡት ውኃው ከተገኘ በኋላ ነው። በእምነቱ በኩል ደግሞ ቁርኣን በሱረቱል አንቢያ (የነቢያት ምዕራፍ) ሕያው ነገር ሁሉ ከውኃ መደረጉን ያወሳል፤ ለምእመናን ቃል የተገባላቸውን ጀነት ሲገልጽም ከሥሯ ወንዞች የሚፈሱባት እያለ ደጋግሞ ይናገራል።

እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው የወለዱት ጥበብ፣ በእኔ አስተያየት፣ አንዱን ውኃ ብዙ ሥራ ማሠራት ነው። ጠዋት በገንዳው ላይ ግንቡን እንደ መስተዋት ያሳየው ውኃ ሲፈስ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲረጭ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ በመጨረሻም ወደ መደቡ ወርዶ የዛፉን ሥር ያጠጣል። ጠብታ እንዳይባክን ታስቦ የተሠራ ነገር ይህን ያህል ውብ ሆኖ መገኘቱ ዘወትር ያስደንቀኛል፤ የቀሩትም መልሶች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ነገር ላይ ነው።

«ጀነት» እና «ገነት» አንድ ቃል ናቸው?

አዎን፣ ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። የዐረብኛው «ጀንና»፣ የዕብራይስጡ «ጋን» እና የግእዙ «ገነት» መነሻ ትርጉማቸው የአትክልት ቦታ ነው። በዐረብኛ ሥሩ መሸፈንንና መከለልን ስለሚያመለክት፣ ቃሉ ራሱ በአጥር የተከለለና በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ስፍራን ያሳያል። የጥንት ኢራናውያንም «ፓይሪዳይዛ» ይሉት የነበረው በቅጥር የተከበበ ቦታ በግሪክኛ በኩል አልፎ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የገነት ስም ሆኗል። ከአልሐምብራ ጎን የሚገኘው የበጋ ቤተ መንግሥት ዛሬ በስፔንኛ «ኼኔራሊፌ» ይባል እንጂ ጥንተ ስሙ «ጀነቱል ዐሪፍ» ነው፤ ብዙ ጊዜም «የመሐንዲሱ አትክልት» ተብሎ ይተረጎማል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስም ለመረዳት አስተርጓሚ ብዙ አያስፈልገውም።

በአራት ቦዮች የተከፈለው የአትክልት ስፍራ ከየት መጣ? አራቱ ቦዮችስ የጀነት ወንዞች ምሳሌ ናቸው?

ቅርጹ ከእስልምና በፊት የነበረ ነው። ታላቁ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን በፓሳርጋዴ ባሠራው ቤተ መንግሥት ውስጥ በድንጋይ የተጠረቡ የውኃ ቦዮችና ትናንሽ ገንዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ፋርሶች በኋላ «ቻሃር ባግ» ማለትም «አራት አትክልት» ያሉት ይኸው ሥርዓት በሙስሊም ነገሥታት ዘመን ወደ ምዕራብ እስከ አንዳሉስ (በሙስሊሞች ሥር የነበረችው ስፔን)፣ ወደ ምሥራቅ እስከ ሕንድ ተጓዘ። ወደ ሕንድ በሰፊው ያስገባው በ1526 የሙግሐል መንግሥትን የመሠረተው ባቡር ነው። በመካከለኛው እስያ የሚገኘው የፌርጋና ሸለቆ ልጅ የነበረው ይህ ንጉሥ ሕንድን ድል አድርጎ ሲገባ ካማረረባቸው ነገሮች አንዱ በአትክልት ውስጥ የሚፈስ ውኃ ማጣቱ ነበር፤ አግራ ላይም ወዲያው አትክልት ማስተከል ጀመረ።

ወደ ምሳሌነቱ ስንመጣ፣ ቁርኣን በሱረቱ ሙሐመድ ስለ ጀነት የውኃ፣ የወተት፣ የወይን ጠጅና የማር ወንዞች ይናገራል፤ ስለዚህ አራቱን ቦዮች ከእነዚህ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው። ሆኖም በየትኛውም አራት ቦይ ባለበት ስፍራ ሁሉ ይህን ትርጉም መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ከመሐል ተነሥቶ ወደ አራት አቅጣጫ የሚከፈል ቦይ ለአትክልተኛ ከሁሉ የቀለለ የማጠጫ መንገድም ነውና። ጽሑፉ ራሱ ሲመሰክር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሙግሐሉ ንጉሥ ሻህ ጀሃን በ1631 ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ ማሐል ባሠራው በታጅ ማሐል ታላቅ በር ላይ የተቀረጸው ሱረቱል ፈጅር ሲሆን፣ ይህ ሱራ የሚያበቃው የረካችውን ነፍስ ወደ ጀነት እንድትገባ በመጋበዝ ነው። በዚያ በር አልፎ በአራት ወደተከፈለው አትክልት የሚገባ ሰው ወዴት እየገባ እንደሆነ በግልጽ ተነግሮታል።

አልሐምብራ የተሠራበት ኮረብታ ውኃ አልነበረውም፤ ታዲያ ውኃው እንዴት ወጣ?

አልወጣም፤ ወረደ እንጂ። ይህ ለብዙ ጎብኚዎች እንቆቅልሽ የሆነውን ነገር ወንዝ ጠልፎ በተራራ ወገብ ቦይ የሚያወርድ ገበሬ ወዲያውኑ ይረዳዋል። ከኮረብታው ግርጌ የሚፈሰውን የዳሮን ወንዝ ከዚያው ከግርጌው ወደ ላይ ለመሳብ ከፍተኛ ኃይል ያስፈልጋል፤ ወንዙን ወደ ላይ ተከትሎ ቢኬድ ግን አልጋው ከኮረብታው አናት ከፍ የሚልበት ቦታ ይገኛል። የናስሪዶች ሥርወ መንግሥት መሥራች ቀዳማዊ ሙሐመድ ኢብን አል-አሕመር በ1238 ግራናዳን ከያዘ በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወንዙ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከላይ ተጠለፈ፤ ቦዩም የተራራውን ጎን እየታከከ፣ ቁልቁለቱ ሳይበዛና ሳያንስ፣ እስከ ኮረብታው ድረስ ተቆፈረ። ስፔናውያን ዛሬም «አሴኪያ ሬያል» ማለትም የንጉሡ ቦይ ይሉታል።

ቦዩ መጀመሪያ የሚደርሰው ጀነቱል ዐሪፍ ሲሆን፣ እዚያ በዋናው ግቢ መሐል ለመሐል እያቋረጠ ያልፋል። ከዚያ በውኃ ድልድይ ላይ ተሻግሮ «የውኃ ግንብ» በሚባለው ማማ በኩል ወደ አልሐምብራ ቅጥር ይገባል፤ ከዚያም ወዲያ መሬቱ እየዘቀዘቀ ስለሚሄድ ወደ መኖሪያ ቤቶች፣ ወደ መታጠቢያዎች፣ ወደ መስጊዱና ወደ ቤተ መንግሥቶቹ በራሱ ጉዞ ይከፋፈላል። ከቦዩ ከፍ ብለው ለሚገኙ የፍራፍሬ እርሻዎች ደግሞ በእንስሳት ጉልበት በሚዞር መንኰራኵር ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እየተቀዳ ወደ ላይኛው ገንዳ ይገለበጥ ነበር። ያለ ቦዩ አልሐምብራ ወታደር ብቻ የሚያድርበት ምሽግ ሆኖ ይቀር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከተማ ያደረገው ቦዩ ነው።

የዐረቦች የውኃ ጥበብ በስፔን ቋንቋ ውስጥም አሻራውን ትቷል። «አሴኪያ» የዐረብኛው «ሳቂያ» ነው፤ ገንዳ ማለት የሆነው «አልቤርካ» ደግሞ «አል-ቢርካ» ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል እኛም እናውቀዋለን፤ በሶማሌ ክልል የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ እስከ ዛሬ «ቢርካ» ይባላል።

በአልሐምብራ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው?

ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ግቢዎች አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው የረጋ ውኃን፣ ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ ውኃን ያስተምራሉና። የአደስ ግቢ በሚባለው ውስጥ 34 ሜትር በ7 ሜትር የሚሆን ገንዳ አለ። ከገንዳው ራስና ግርጌ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ሁለት የእብነ በረድ ፋውንቴኖች ውኃ ያፈልቃሉ፤ ነገር ግን ውኃው በቀጥታ ወደ ገንዳው አይወረወርም፤ በጠባብ መተላለፊያ ሩጫው ከበረደለት በኋላ የገንዳውን ፊት ሳያናውጥ በዝግታ ይቀላቀላል። ይህ ጥንቃቄ የተደረገው 45 ሜትር ከፍታ ያለው የኮማሬስ ማማ በውኃው ላይ ሳይሰበር እንዲታይ ነው። መልእክተኞች ወደ ዙፋኑ አዳራሽ ሲቀርቡ ግንቡን ሁለት ጊዜ ያዩታል፤ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምድር።

ሱልጣን ሙሐመድ 5ኛ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያሠራው የአንበሶች ግቢ ግን ተቃራኒው ነው። ውኃው በዙሪያው ባሉ አዳራሾች ወለል ላይ ካሉ ትናንሽ ፋውንቴኖች ይነሣል፤ በእብነ በረዱ ላይ በተቀረጹ ቀጫጭን ቦዮች ደረጃውን ወርዶ ወደ መሐል ይሰበሰባል። ከቤት ውስጥ ተነሥቶ ወደ ደጅ የሚፈስ ውኃ ማለት ነው፤ ግቢና ክፍል የሚለውን ድንበር ውኃው ራሱ ያፈርሰዋል። በመሐል አሥራ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች በጀርባቸው የተሸከሙት አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ገንዳ አለ፤ በገንዳው ከንፈር ዙሪያ የተቀረጸው የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ የኢብን ዘምራክ ግጥም ነው። ባለቅኔው ውኃውና እብነ በረዱ እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሣ የሚፈሰው የትኛው እንደሆነ ተመልካቹ ይቸገራል ይላል። ሕንፃ ስለ ራሱ ውኃ በራሱ ድንጋይ ላይ እንዲህ ሲናገር ማንበብ በሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም። በገንዳው መካከል የቆመው እብነ በረድ ደግሞ ውኃ የሚገባባቸውም የሚወጣባቸውም ቀዳዳዎች ስላሉት የገንዳው ውኃ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ላይ እንዲቆም ያደርጋል።

ጊዜ ያለው ሰው ከዚያ ወጥቶ በጀነቱል ዐሪፍ «የውኃ ደረጃ» የሚባለውን ይውጣ። በዛፎች ጥላ ሥር ያለው ይህ ደረጃ የእጅ መደገፊያው የተቦረቦረ ቦይ ነው፤ ውኃው ከላይ ወደ ታች በመደገፊያው ላይ እየተንፎለፎለ ይወርዳል፤ የሚወጣው ሰው እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ መሄድ ይችላል።

በጀነቱል ዐሪፍ ግቢ በቦዩ ላይ እንደ ቅስት እየተሻገሩ የሚረጩት ውኃዎች ጥንታዊ ናቸው?

አይደሉም። በፖስታ ካርድ ሁሉ ላይ የምናያቸው እነዚያ ረጪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመሩ ናቸው። የናስሪዶች ግቢ ከዚህ ይልቅ ጸጥ ያለ ነበር። በ1958 በስፍራው ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ በተደረገው ቁፋሮ የጥንቱ የአትክልት መደብ ከመተላለፊያው ዝቅ ብሎ የተሠራ እንደነበረ ታውቋል። መደቡ ዝቅ ሲል ውኃ በቀላሉ ይሞላዋል፤ የአበቦቹም ራስ ከሚራመደው ሰው እግር ጋር ስለሚስተካከል ሰውየው በአበባ ምንጣፍ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል።

አንበሶቹ ሰዓት ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

በየሰዓቱ ከአንድ አንበሳ አፍ ብቻ ውኃ ይወጣ ነበር የሚለው ወሬ አስጎብኚዎች የሚወዱት አፈ ታሪክ ነው፤ በድንጋዩም ሆነ በግጥሙ ላይ የሚደግፈው ማስረጃ የለም። ወሬው የተወለደው ግን ከባዶ አይደለም። በሙስሊሙ ዓለም የውኃ ሰዓትና በራሱ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ መሥራት የታወቀ ሙያ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖሩት የሙሳ ልጆች ሦስቱ ወንድማማቾች የሚረጨው ውኃ ቅርጹን በራሱ የሚለዋውጥ ፋውንቴን ነድፈዋል፤ መሐንዲሱ አል-ጀዘሪም በ1206 በርካታ የውኃ ሰዓቶችን አሠራር በዝርዝር ጽፏል። የእንስሳ ምስል በእስልምና እንዴት ተፈቀደ ለሚሉ ደግሞ፣ አንበሶቹ የቆሙት በመስጊድ ውስጥ ሳይሆን በቤተ መንግሥት ግቢ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ኤሌክትሪክ ሳይኖር ውኃው ወደ ላይ የሚረጨው በምን ኃይል ነበር?

በከፍታ ልዩነት ብቻ። ዛሬ በአዲስ አበባ ፓርኮች የምናያቸው ፋውንቴኖች በፓምፕ የሚሠሩ ናቸው፤ የጥንቶቹ ግን ከፍ ካለ ስፍራ በተዘጋ የሸክላ ቧንቧ ወርዶ ጠባብ ቀዳዳ ሲያገኝ ወደ ተነሣበት ከፍታ ለመመለስ በሚታገል ውኃ ይሠራሉ። በኢራን፣ በካሻን ከተማ አጠገብ ያለው የፊን አትክልት ለዚህ የተሟላ ምሳሌ ነው። ከኋላው ያለው የሱለይማኒየህ ምንጭ በሰማያዊ ሸክላ የተነጠፉትን ቦዮች ይሞላል፤ በቦዮቹ ውስጥ የተደረደሩት ፋውንቴኖችም ያለ አንዳች ሞተር ይፈልቃሉ።

አስቸጋሪው ነገር ሁሉም ረጪዎች እኩል እንዲረጩ ማድረግ ነው፤ በአንድ ቧንቧ ላይ የተደረደሩ እንደሆነ የመጀመሪያዎቹ ይበረቱና የመጨረሻዎቹ ይደክማሉ። የታጅ ማሐል መሐንዲሶች ይህን የፈቱት ከእያንዳንዱ ፋውንቴን ሥር የመዳብ ማሰሮ በመቅበር ነው። ቧንቧው በመጀመሪያ ማሰሮዎቹን ይሞላል፤ ማሰሮዎቹ ከሞሉ በኋላ ሁሉም በእኩል ግፊት ይረጫሉ። በዚያ ስፍራ ውኃው ከያሙና ወንዝ የሚቀዳው በበሬዎች በሚጎተት ገመድ ስለነበረ፣ ለዚያ ጸጥታ ብዙ ጉልበት ተከፍሎበታል።

በፓኪስታን ላሆር በ1641 እና በ1642 የተሠራው የሻሊማር አትክልት ደግሞ በሦስት እርከኖች የተደረደሩ 410 ፋውንቴኖች አሉት፤ ውኃውንም ያመጣለት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ ነበር። በካሽሚር ያለው ሌላው ሻሊማር በፏፏቴዎቹ ጀርባ በግድግዳው ላይ የተቦረቦሩ ትናንሽ መስኮቶች አሉት፤ በእነዚህ ውስጥ ቀን አበባ፣ ሌሊት መብራት ይቀመጥ ስለነበረ፣ ብርሃኑ በሚወርደው ውኃ መጋረጃ ውስጥ አልፎ ይታይ ነበር።

ውኃው በእርግጥ ቤቱን ያቀዘቅዛል ወይስ ለጌጥ ነው?

በእርግጥ ያቀዘቅዛል፤ አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር። ውኃ ሲተን ሙቀትን ከአየሩ ላይ ይወስዳልና። በኢራን በያዝድ ከተማ በዶውላታባድ አትክልት ውስጥ 33 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የነፋስ ማጥመጃ ማማ ከላይ ያገኘውን ነፋስ ወደ ክፍሉ ያወርዳል፤ ነፋሱ ከማማው ሥር ባለው ገንዳ ላይ ሲያልፍ ይበርዳል። ወበቅ በበዛበት የባሕር ዳርቻ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም።

ቃናት ምንድን ነው?

ከተራራ ሥር ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ በዋሻ ወደ ሜዳ የሚያወርድ መንገድ ነው። በመጀመሪያ «እናት ጉድጓድ» የሚባለው ውኃ እስኪገኝ ድረስ ይቆፈራል፤ ከዚያ ከሜዳው ወደ ጉድጓዱ፣ ውኃው በራሱ እንዲፈስ ብቻ የሚበቃ ቁልቁለት ያለው ዋሻ ይወጣል፤ በየተወሰነው ርቀትም አፈር ማውጫና አየር ማስገቢያ የሚሆኑ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ከአውሮፕላን ሲታይ በበረሃው ላይ የተሰለፈ የፍልፈል ጉብታ ይመስላል። በኢራን የጎናባድ ቃናት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የእናት ጉድጓዱም ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የማሃኑን ሻህዛዴ አትክልትን የመሰለ በበረሃ መካከል የሚገኝ ለምለም ስፍራ ሊኖር የቻለው በቃናት ነው። ቆፋሪዎቹ ሥራቸው ለሞት የሚያጋልጥ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ ስለ ንጉሡ አትክልት ውበት ሲወራ ከመሬት በታች በኩራዝ ብርሃን የደከሙት ሊዘነጉ አይገባም እላለሁ።

ውኃው ሜዳ ከደረሰ በኋላ የሚከፋፈለው በጊዜ ነው። ሥሩ የተበሳ የመዳብ ጣሳ በትልቅ የውኃ ዕቃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጣሳው ሞልቶ እስኪሰምጥ ያለው ጊዜ አንድ መለኪያ ሆኖ የእያንዳንዱ ባለ ድርሻ ተራ ይቆጠራል።

በመስጊድ ያለው ውኃ ከአትክልቱ ውኃ በምን ይለያል?

በመስጊድ የውኃው የመጀመሪያ ሥራ ውዱእ ነው፤ ማለትም ከሶላት በፊት ፊትን፣ እጅን እስከ ክርን መታጠብ፣ ራስን ማበስና እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠብ። ስለዚህ በአገራችን ትንሽ የገጠር መስጊድ ሳይቀር የውዱእ ስፍራ አለው፤ ሌላው ቢቀር ጀበና ወይም ጆግ የሚቀመጥበት ጥግ አይጠፋም። ትልልቅ መስጊዶች ይህን አስፈላጊነት ወደ ጥበብ ቀየሩት። በዴልሂ የጃማ መስጊድ ገንዳው በሰፊው ግቢ መሐል ነው። በቱርክ በቡርሳ ከተማ ያለው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው ባለ ሃያ ጉልላት ታላቅ መስጊድ ግን ፋውንቴኑን ያስቀመጠው በመስጊዱ ውስጥ፣ ቀድሞ ክፍት በነበረ ጉልላት ሥር ነው፤ ዝናቡም ብርሃኑም ከላይ በአንድነት ይወርዱበት ነበር። ታዋቂው የኦቶማን መሐንዲስ ሲናን ከ1554 እስከ 1564 ለኢስታንቡል የቂርቅ ቼሽሜን የውኃ መስመርና ከእርሱም ጋር ታላቁን የማግሎቫን የውኃ ድልድይ የሠራ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ይህ ሥራው ከጉልላቶቹ ያነሰ ክብር የሚገባው አይደለም።

ለሕዝብ የሚሰጥ ውኃስ?

በካይሮ የድሮ ሰፈሮች «ሰቢል» የሚባል ሕንፃ ይታያል፤ መንገደኛ በነፃ የሚጠጣበት ማለት ነው። በአል-ሙዒዝ መንገድ ላይ በ1744 የተሠራው የዐብዱርረሕማን ከትኹዳ ሰቢል ምድር ቤቱ ውኃ ማደያ፣ ፎቁ የሕፃናት የቁርኣን ትምህርት ቤት ነው። በብዙ ሰቢሎች ውኃው ከመታደሉ በፊት «ሰልሰቢል» በሚባል ዘንበል ብሎ በቆመ የተቀረጸ እብነ በረድ ላይ እየተንሸራተተ ይቀዘቅዛል፤ ስሙ በቁርኣን የተጠቀሰ የጀነት ምንጭ ስም ነው። የእነዚህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው በወቅፍ፣ ማለትም ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው በተሰጠ ንብረት ገቢ ነበር። ሥሩም ሩቅ ነው፤ ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝቶ ለሕዝብ በነፃ መልቀቁን በየመስጊዱ የሰማ ሁሉ ውኃ ማጠጣት ለምን ትልቅ ሰደቃ (ምጽዋት) እንደሚባል ያውቃል።

በደረቅ አገር ፋውንቴን መሥራት ብክነት አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውኃ እንደነበረ በሐዲስ ተዘግቧል። መልሱ ያለው ውኃው ከፋውንቴኑ በኋላ የት እንደሚሄድ በማየት ነው። በፊንም ሆነ በአልሐምብራ የተረጨው ውኃ ወደ ቦዩ ይመለሳል፤ ከቦዩ ወደ ቀጣዩ ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ መደብ፣ ከዚያም ከቅጥሩ ውጪ ወዳለው እርሻ ይወርዳል። ገንዳው ራሱ ሌሊት የሚጠራቀመውን ውኃ ለቀን ማጠጫ የሚያቆይ ማከማቻ ነበር። ጥልቀት የሌለው ገንዳ፣ ቀጭን ጅረት፣ በእብነ በረድ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ፏፏቴ፤ እነዚህ ሁሉ ጥቂቱ ውኃ ብዙ መስሎ እንዲታይና እንዲሰማ የተደረጉ ናቸው። ንጉሥ ለክብሩ ሲል ያባከነበት ጊዜ ጨርሶ አልነበረም አልልም፤ የላሆሩን ቦይ ርዝመት ያየ ሰው ይህን መጠርጠሩ አይቀርም። የጥበቡ መሠረት ግን ቁጠባ ነው።

እነዚህ የውኃ ሥራዎች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?

እንደየቦታቸው ይለያያሉ። የአልሐምብራ አንበሶች ለዘመናት የተጋገረባቸው የኖራ ቅርፊት ተነሥቶላቸው፣ በ2002 የተጀመረው ጥገና በ2012 ተጠናቆ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ ውኃም ያፈሳሉ። በላሆር ግን በ1999 መንገድ ለማስፋት ሲባል ለሻሊማር ፋውንቴኖች ውኃ ያደርሱ የነበሩ ጥንታዊ የውኃ ማከማቻዎች ፈርሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ዩኔስኮ ስፍራውን ከ2000 እስከ 2012 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ግንቡን ጠብቆ ውኃውን ማፍረስ ልብን መተው እንደማለት ነው፤ ጉዳቱ ያንገበግበኛል። በኢራን ደግሞ በሞተር የሚሳቡ ጥልቅ ጉድጓዶች የከርሰ ምድሩን ውኃ ስላወረዱት ብዙ ቃናቶች ደርቀዋል፤ 11 የሚሆኑት በ2016 በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸው ለቀሩት ትኩረት አስገኝቷል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንኖር ኢትዮጵያውያን በቅርብ ልናየው የምንችለው አለ?

አለ፤ ያውም እስከ ዛሬ የሚሠራ። በዐረብ ኤምሬቶች የአል-ዐይን ከተማ ስሟ ራሱ «ዓይን» ማለት ሲሆን፣ በዐረብኛ ምንጭም በዚሁ ቃል ይጠራል። በከተማዋ መሐል ያለው የተምር ደን «ፈለጅ» በሚባሉ ቦዮች የሚጠጣ ሲሆን፣ ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ይገኛል። በኦማን ደግሞ 3,000 ያህል ፈለጆች በሥራ ላይ ሲሆኑ፣ በ2006 ከተመዘገቡት አምስቱ አንዱ በኒዝዋ አጠገብ የሚፈሰው ፈለጅ ዳሪስ ነው። የአጠቃቀሙን ቅደም ተከተል ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ውኃው ከመሬት ብቅ የሚልበት የመጀመሪያው ቦታ ለመጠጥ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ መስጊዱና መታጠቢያው ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ተምሩ እርሻ የሚገባው። የእያንዳንዱ ገበሬ ተራ በቀን በቆመ እንጨት ጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት መውጣት ይለካ ነበር፤ ዛሬ በብዙ መንደሮች የእጅ ሰዓት ተክቶታል፤ ተራው ግን አሁንም ይጠበቃል።